የጠበቀው ቃል

ሠረገላው ከወህኒ ቤቱ ኮረብታ ቁልቁል ሲንደረደር የኋላ ጎማው ድንጋይ መታና ቃል አንባቢው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ አናቱ የቆዳውን ጣሪያ ነካ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት የዳኞች አለቃ ንቅንቅ አላሉም። ሁለት እጃቸውን ከከዘራቸው እጀታ ላይ ደራርበው፣ ዝናቡ በመስኮቱ መስተዋት ላይ የሚወርድበትን መስመር ይከታተላሉ። ውጭ ነጂው ፈረሶቹን በእናታቸው ይሰድባል።

«ነካህ እንዴ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይመልሱ።

«ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጉሮሮህ ይዳን እንጂ ጭንቅላትህስ ይችለዋል።»

ቀልድ መሆኑ ነው። በችሎቱ ሰው ሁሉ «ጉሮሮ» ነው የሚለው። ሥራው ማንበብ ነው። በሙግት መካከል ሕግ ሲጠቀስ ከአትሮንሱ ፊት ቆሞ ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ዳኞቹም የሚፈርዱት በብራናው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ከእሱ አፍ በወጣው ነው። ፊደል ዲዳ ነው፣ አንባቢ ካልነካው አይናገርም፤ ይህ የችሎቱ የቆየ ሥርዓት ነው።

የዳኞች አለቃ አንባቢ ለመውሰድ በዝናብ ወህኒ ቤት ድረስ ሲመጡ ግን ታይቶ አይታወቅም። ለበጎ እንዳልሆነ ቃል አንባቢው ሠረገላውን በር ላይ ቆሞ ያየው ጊዜ ገብቶታል።

ወህኒ ቤት የሄደው ለቁልፍ ሠሪው ክሱን ሊያነብለት ነበር። ክሱ አጭር ነው። የከተማው ጎተራ በችግሩ ወራት ተከፍቶ እህሉ ተወስዷል፤ መዝጊያው አልተሰበረም፣ ቁልፉም አልተነካካም። እንግዲህ በሁለተኛ ቁልፍ ነው የተከፈተው፤ ሁለተኛ ቁልፍ መሥራት የሚችለው ደግሞ የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ነው። ቅጣቱ ስቅላት። ቁልፍ ሠሪው ጭድ ላይ ተቀምጦ፣ በብረት እሳት የጠቆሩ ጣቶቹን አንዱን ባንዱ እያሸ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጨረስክ?» አለው።

«ጨረስኩ።»

«እሺ። እኔ ሰማሁ። እኔንስ ማን ይሰማኛል?»

ቃል አንባቢው ወረቀቱን ጠቀለለ። ደግሞ ፈታው። ደግሞ ጠቀለለው። «ከሰዓት በኋላ ችሎት ትቀርባለህ» ብሎ ወጣ፤ ያ መልስ አለመሆኑን ሁለቱም አውቀውታል።

«ምን አለህ?» አሉ የዳኞች አለቃ አሁን፣ ሐሳቡን ያነበቡት ይመስል።

«ምንም አላለኝም፣ ጌታዬ።»

«ይሁን።» ከዘራቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። «የብረት ሠራተኞች ማኅበር አቤቱታ አስገብቷል። ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ ችሎቱ በአደባባይ ያስታውቀን ነው የሚሉት። ደፋሮች ናቸው። ቢሆንም ጥያቄ ጥያቄ ነው። ዛሬ አንዴ ታነብበዋለህ፣ ነገሩ ይዘጋል።»

ቃሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድ መስመር አለ፦ *ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበት።* መካከል ያለችው ቃል ስትላላ፣ ተከሳሹ ክሱን በጆሮው ሳይሰማ አትፍረዱበት ማለት ናት። ስትጠብቅ ደግሞ ተከሳሹ ራሱ ሳይደመጥ አትፍረዱበት ትላለች። በብራናው ላይ አንድ ናት። ልዩነቱ ያለው በአንባቢው ምላስና ከንፈር ላይ ነው። ችሎቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ግን ቃሏ ላልታ ነው የምትነበበው። ተከሳሽ ቆሞ ክሱን ይሰማል፤ ከሰማ ይበቃል፤ ይፈረድበታል።

«መምህርህ እንኳ በትርጓሜው ምን ብሎ ጻፈ?» አሉ አለቃው።

የቃል አንባቢው መምህር አማቱም ነበሩ። የችሎቱ የመጀመሪያ አንባቢ፣ የሕጉ ተርጓሚ፤ ባለፈው ክረምት ነው የሞቱት። «‘ሳይሰማ ሲል ሳይሰማ ሲል ነው’» አለ።

«አየህልኝ!» አለቃው ከልባቸው ሳቁ። «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ያን ያህል አዋቂ ሰው! ገልባጮቹም እጁ ስቶ ደግሞት ነው ብለው ፋቁት። አሁን የሚገኘው በአንተ ቤት ባለው ቅጂ ብቻ ነው፣ አይደል?»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

ሳቃቸው ቆመ። ሠረገላው ከጠረባ ድንጋዩ መንገድ ላይ ወጣና የጎማው ድምፅ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ከንፈርህን ትንሽ ጠበቅ ብታደርግ ማንን እንደምትቀሰቅስ ታውቃለህ? አንድ ቁልፍ ሠሪ መስሎህ እንዳይሆን። በተከሳሽ መቆሚያው ድንጋይ ላይ ያቆምናቸውን ሁሉ ነው። እነሱ መጥተው ‘እኛስ?’ ቢሉ ምን ልትላቸው ነው? ሙት ወቃሽ አትሁን። ሙትንም ወቃሽ አታድርግ።» ወደ መስኮቱ ተመለሱ። «ቤትህ ግባና ምሳህን ብላ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።»

* * *

ሚስቱ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ሲገባ ወስፌዋን በገጾች ጀርባ እየሰደደች ነበር፤ አፏ ውስጥ ክር ስለያዘች በዓይኗ ወደ ገበታው ጠቆመችው። ሾርባው ከነክዳኑ ተቀምጧል። ካባውን ሳያወልቅ ተቀመጠና ክዳኑን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

ከጓዳው ማዶ ያለው የአባቷ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ሊዘጉት ሞክረው አልዘጋ ብሏቸዋል፤ እንጨቱ በእርጥበት አብጧል። መምህሩ የመጨረሻ ወራቸውን እዚያ መስኮት ፊት ቆመው ነው የጨረሱት። አመልካች ጣታቸውን በሁለት ከንፈራቸው መካከል ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፣ ገጥመው ይቆያሉ፣ ከዚያ «ማ» ብለው ይለቁታል። ደግሞ ከመጀመሪያው። የሰፈር ልጆች ከመስኮቱ ሥር ተሰልፈው «ማ! ማ!» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር፤ እሳቸውም አይቆጡም። አንዳንዴ እንዲያውም «ጎሽ፣ እንደሱ» ይላሉ።

ከሞቱም በኋላ ያ ድምፅ አልቀረም። ሁልጊዜ አይደለም። ቤቱ ጭር ሲል፣ ሁለት ከንፈር ተጣብቆ ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ከክፍሉ ይመጣል። ባልየው ቀና ሲል ሚስትየው ሁልጊዜ «ነፋስ ነው» ትላለች። እሱም ነፋስ ነው ይላል። ምን ዓይነት ነፋስ እንደሆነ ግን አንዳቸውም ተጠያይቀው አያውቁም።

ሚስቱ ክሩን ከአፏ አወጣች። «ልታጠብቀው ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሾርባህ።»

«አልራበኝም።»

«አንተ? ቤት ሲቃጠል እንኳ ቁራሽህን ይዘህ ነው የምትወጣው። ይልቅ ንገረኝ፣ ምን አሉህ?»

ነገራት። እሷ እያዳመጠች ክሩን ትጎትታለች፣ ትቋጥራለች። ሲጨርስ፣ «አባባ አላልቶ ነው ያነበበው» አለች።

«አላልቶ ነው።»

«ሰው ሁሉ ሰምቶታል።»

«ሰምቷል።»

«እንግዲያው ምን ቀረህ?»

«መስኮቱ ጋ ሲቆምስ እንዴት ነበር የሚለው?»

ወስፌው ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች አንዱን አነሣች፣ አጠፈችው፣ አስቀመጠችው። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ጠብታ ብቻ ይወርዳል።

«ጥርሱ ነበር» አለች።

«የቱ ጥርሱ?»

«የዚያን ጊዜው። የመጀመሪያው ቀን። እኔ ልጅ ነኝ። የላይኛው ጥርሱ መግሎ ጉንጩ እንዲህ ተነፍቷል፣ ከንፈሩም አብሮ። ጨው ውኃ እያሞቅሁ የማጉመጠምጠው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ታማ ነበርና። ‘አትሂድ’ አልኩት። ‘ሕጉ ዛሬ መጀመሪያ ሥራ ሊጀምር ነው፣ እንዴት እቀራለሁ?’ አለኝ። ከንፈሩ አይገጥምም እኮ። ያን ቃል ለማጥበቅ ደግሞ ከንፈር ይገጥማል፣ ገጥሞም ይቆያል።» ሳታስበው ከንፈሯን ገጥማ አሳየችው። «አልቻለም። አምልጦት ወጣ።»

ቃል አንባቢው የመጀመሪያውን ሙግት ከመምህሩ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ከሌሎች ግን ሰምቷል። ተከሳሹ ድልድይ ጠባቂ ነበር። ድልድዩ በሌሊት ተንዶ ሰው አልቋልና በቸልተኝነት ተከስሶ ቀረበ። ድንጋዩ ላይ ቆሞ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዳኞቹ ሕጉ ይነበብ አሉ፤ ተነበበ። ‘እንግዲህ ሰምቷል’ አሉ። ድልድይ ጠባቂው አፉን እንደ ከፈተ ይዘውት ወጡ ይባላል።

«እብጠቱ ሳይጎድል ሰውዬው ተሰቀለ» አለች ሚስቱ።

«ከዚያ በኋላስ? ስንት ጊዜ አነበበው። ለምን አላረመውም?»

«አርሞታል እኮ! ሰውዬው የተሰቀለ ዕለት ማታ ትርጓሜውን ጻፈ። ቀለሙን ይዤለት ነበር። ‘ሳይሰማ ሲል ሳይሰማ ሲል ነው።’ የፊተኛውን አላልቶ፣ የኋለኛውን አጥብቆ፣ እያነበበ ነው የጻፈው። ምን ደስ ብሎት ነበር መሰለህ፤ ሳመኝ። ጠዋት ተነሥቶ ሲያየው...»

«ፊደሉ አንድ ነው።»

«ፊደሉ አንድ ነው» አለች።

ቃል አንባቢው የሾርባውን ክዳን በጣቱ ገፋ አደረገው። ነገሩን እንደ ልማዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ነበር፤ አንድ የማይገጥም ቦታ አገኘ። ሊተወው ፈለገ። አልቻለም።

«‘ሳይደመጥ’ ብሎ መጻፍ ይችል ነበር» አለ። «አንድ ቃል ነው። ገልባጭ አይስተውም፣ አንባቢ አያላላውም። ቃል የሚመርጥ ሰው ነበር፤ ከእሱ በላይ ቋንቋ የሚያውቅ አልነበረም።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ የጠበቀችው ጥያቄ መሆኑን ከዓይኗ አወቀ።

«ፈራ» አለች። «ይኸው ነው። ፈራ። ሁለቱንም የሚል ቃል መረጠ። ዳኞች ቢያነብቡት አይከፋቸውም፤ እውነት የሚፈልግ ቢመጣ ደግሞ ያገኘዋል። ለሚመጣ ሰው ተወው።»

«ለእኔ ተወው።»

«ለአንተ ተወው። ለዛ ነው መሰለኝ የዳረኝ።» ፈገግ ለማለት ሞክራ አልሆነላትም። «ስማኝ፣ ሰውዬ። በጥርስ ሕመም ሰው ገደለ ይባልበት? ከሱ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው። ዛሬ ችሎት ላይ ብታጠብቀው ስሙን ከነመቃብሩ ነው የምትቆፍረው።»

«ባላጠብቀው ቁልፍ ሠሪው ነገ ይሰቀላል።»

«አውቃለሁ።»

«‘እኔንስ ማን ይሰማኛል?’ አለኝ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

ያን ጊዜ ከማዶው ክፍል ያ ድምፅ መጣ። ትንሽ፣ እርጥብ፣ ቀስ ያለ። ሁለቱም ወደ በሩ አላዩም። ሚስቱ አፏን ልትከፍት ስትል ተመልሳ ገጠመችው፤ ነፋስ ነው አላለችም። ተነሥታ የካባውን ጠርዝ ያዘችና የተንጠባጠበበትን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅለት ጀመር።

«እንዲህ ሆነህ ነው ችሎት የምትገባው?» አለች፣ ፊቷን ሳታነሣ።

* * *

ተከሳሽ የሚቆምበት ድንጋይ ከአዳራሹ ወለል አንድ ጣት ያህል ይጎደጉዳል። ሲሠራ እኩል ነበር፤ ያጎደጎደው እግር ነው። ክረምት በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ውኃ እዚያ ይጠራቀምና ጽዳት ሠራተኛዋ ከእያንዳንዱ ችሎት በፊት በጨርቅ ታደርቀዋለች።

«ጉሮሮ» አለው ጸሐፊው፣ አጠገቡ ሲደርስ። የግራ እጁ ጣቶች እስከ አንጓቸው በቀለም የጠቆሩ ወፍራም ሰው ነው። «ብረት ቀጥቃጩ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። በጊዜ እንገባለን ወይስ ልታስመሸን ነው?»

«ምን ጽፈሃል?»

«ምን እጽፋለሁ፣ ያው ነዋ።» ወረቀቱን አሳየው። የክሱ ቃል ገና ሳይሞላ ከገጹ ግርጌ *ሰምቷል* የሚለው ተጽፎ ደርቋል። ጸሐፊው ጠዋት ጠዋት ለዕለቱ ሙግቶች ሁሉ አስቀድሞ ነው የሚጽፈው፤ ቀለሙ በአንድ ጊዜ ይውላል፣ እጅም አይሰንፍም።

አዳራሹ በእርጥብ ሱፍና በከሰል ሽታ ተሞልቷል። ብረት ሠራተኞቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ከፊት መስመር የጎተራው ሹም ተቀምጧል፤ የተበደለው ወገን እሱ ነውና የክብር ወንበር ተሰጥቶታል። ዳኞቹ ገቡ፣ ሰው ተነሥቶ ተቀመጠ። ቁልፍ ሠሪውን አምጥተው ድንጋዩ ላይ አቆሙት።

ቃል አንባቢው ወደ አትሮንሱ ሄደ። መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ድንጋዩን አልፎ ሲሄድ፣ ጠባብ በር ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ሲያልፉ እንደሚደረገው፣ ሳያስበው ትከሻውን ወደ ጎን አደረገ። ከቁልፍ ሠሪው ኋላ ማንም አልነበረም። ወለሉ ባዶ ነው። እሱ ግን የካባውን ጠርዝ ሰው እንዳይረግጥበት ሰብሰብ አድርጎ አለፈ።

መጽሐፉን ከፈተ።

«ይነበብ» አሉ የዳኞች አለቃ።

«ተከሳሽ» አለ። ድምፁ ደኅና ነው፤ ጉሮሮው ከድቶት አያውቅም። ቀጥሎ ምላሱ ወደ ጥርሱ ሄደ፣ እዚያም ቆየ። ከንፈሮቹ ተገናኙ። አንድ ድምፅ ከሌላው የሚለየው እንዲህ ያለ ትንሽ መዘግየት ነው፤ በደራ ገበያ ሰው ልብ የማይለው። እሱ ግን በተገጠሙት ከንፈሮቹ ውስጥ የገዛ ደሙን ምት ሰማ፤ ከዚያም ወዲያ፣ ከኋላው፣ ብዙ ሰው ትንፋሹን አምቆ የያዘ መሰለው። «ሳይሰማ» ብሎ ለቀቀው። «አይፈረድበት።»

ጠብቆ ነበር የወጣው። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ቀረ።

«ድገመው» አሉ የዳኞች አለቃ።

ደገመው። ያኛው ምናልባት አምልጦት ይሆናል ብሎ ያሰበ ቢኖር፣ ይኼኛው ተስፋውን ቆረጠበት።

«መምህርህ እንዲህ አላነበበም።»

«አላነበበም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ከማን ተማርከው?»

«ከእሱ ነው የተማርኩት።»

ከብረት ሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው። አለቃው አልሳቁም። «ይህ ችሎት ነው፣ ምሳሌ መመላለሻ አይደለም። በዚህ አዳራሽ አላልቶ እንዳነበበው እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። አጥብቆ ሲያነብ የሰማ ምስክር አለህ?»

ቃል አንባቢው ወደ መጽሐፉ አቀረቀረ። ምስክር አለው፤ ስሟን ግን እዚህ ላይጠራ በመንገድ ላይ ለራሱ ምሎ ነበር። ጣቱን ከመስመሩ ላይ ሳያነሣ ቆመ። የጎተራው ሹም እግሩን አነባብሮ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ የሴት ድምፅ ከኋላ።

ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። እጅጌዋ ላይ አሁንም የክር ብጣሽ ተጣብቋል።

«ልጄ» አሉ አለቃው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ስለ አባትሽ የምትናገሪውን አስበሽ ተናገሪ። የትልቅ ሰው ስም ነው።»

«አስቤያለሁ፣ ጌታዬ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አጥብቆ ነው የሚለው። የሰፈር ልጅ ይመስክር። እዚህ ሲያነብ የላላበት ከንፈሩ አብጦ ነው።» ትንሽ ቆመች። «እርስዎም ያን ቀን ከአጠገቡ ነበሩ አሉ። ጉንጩን አይተውታል።»

አለቃው መልስ ይሰጣሉ ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ። እሳቸው ግን የሚያዩት ሴትዮዋን አልነበረም። ቁልፍ ሠሪውንም አይደለም። ከቁልፍ ሠሪው ትከሻ ወዲያ፣ ባዶው ወለል ላይ፣ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ቀስ እያለ ይዘዋወር ነበር። ቃል አንባቢው ያን አይቶ የካባውን ጠርዝ ዳግመኛ ሰበሰበ።

«ይናገር» አሉ በመጨረሻ።

ቁልፍ ሠሪው መጀመሪያ አልገባውም። ጠባቂው «አንተን ነው እኮ፣ ተናገር» ብሎ ገፋ አደረገው። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። አሰበ። ከዚያ፣ ለደንበኛው ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ሁለት ቁልፍ ነው የሠራሁት» አለ። «አልደብቅም። ሁለተኛውን ያዘዘኝ ግን እዚህ አለ። አንዱ ቢጠፋ መጠባበቂያ ይሁነኝ አለኝ። ለሹም እንዴት እምቢ ይባላል? ቁልፉን ማንም ሊያየው ይችላል፤ የኔን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ ጥርሱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ኪሱ ይፈተሽ። ዛሬ ባይዘው ቤቱ ይፈተሽ።»

ማን እንደሆነ አልጠቆመም። መጠቆምም አላስፈለገውም፤ የጎተራው ሹም ያነባበረውን እግሩን አውርዶ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ያህል ተራምዶ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ብረት ሠራተኞች ምንም አላሉትም፤ ብቻ መንገድ አልለቀቁለትም።

«ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፣ በላብ ረጥቦ፤ «እዚህ ግርጌ ላይ... ምን ብዬ ልጻፍ? ቦታ የለኝም።»

«ምን ይላል አሁን?»

«‘ሰምቷል’ ይላል።»

«ተ ጨምርበት» አሉ የዳኞች አለቃ።

ጸሐፊው ከወረቀቱ ጠርዝና ከቃሉ መካከል፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዲት ቀጭን *ተ* አስገባ።

* * *

ቁልፍ ሠሪው አልተፈታም፤ አልተፈረደበትምም። የሹሙ ቤት እስኪፈተሽ ወደ ወህኒ ተመለሰ። ብረት ሠራተኞቹ ከጠባቂዎቹ ኋላ ሆነው እስከ ኮረብታው ተከትለውት ሄዱ።

ቃል አንባቢው መጽሐፉን ሸፍኖ ሲጨርስ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እሱና የዳኞች አለቃ ብቻ ነበሩ። ብርሃኑ ከመስኮቶቹ ገና አልሸሸም።

«ካባውን ነገ ትመልሳለህ» አሉ አለቃው ከወንበራቸው ሳይነሡ። «እኔ ባላባርርህ ከእኔ በላይ ያሉት ያባርሩሃል፤ ከእኔ ይሻልሃል።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«አትከራከረኝም?»

«አይ። አንድ ጊዜ ጠብቆ ተነብቧል። ቀጥሎ የሚመጣው አንባቢ ሊያላላው ቢፈልግ ሰው ይሰማዋል።»

አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዘራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ዳኛ አልነበርኩም ያን ቀን» አሉ። «ጸሐፊ ነበርኩ። ሚስትህ እውነቷን ነው፤ ጉንጩን አይቻለሁ። ቃሉ እንዴት መሆን እንዳለበትም አውቃለሁ፤ አብረን ነበር የተማርነው። ብዕሬን አነሣሁ፣ ዋናው ዳኛ አየኝ። ‘ሰምቷል’ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ጥሩ ነበረች።»

ቃል አንባቢው እጅ ነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

«አትዝጋው» አሉት ከኋላው።

ገርበብ አድርጎ ተወው። ሚስቱ ከደረጃው ግርጌ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሁለተኛውን ደረጃ ወርዶ ሳለ የአለቃው ወንበር ሲጥ ሲል ሰማ፤ ከዚያ የከዘራቸውን ምት በወለሉ ላይ፣ ወደ ድንጋዩ አቅጣጫ። ምቱ ቆመ። በአዳራሹ ከአለቃው በቀር ማንም እንዳልቀረ ያውቃል፤ በሩን ሲወጣ ዞር ብሎ አይቷል።

«አንተ ቅደም» አለ የአለቃው ድምፅ፣ በጣም በለዘበ አነጋገር። «ተናገር። እየሰማሁ ነው።»